ከጆሮው ጀርባ የቀባሁት ጥላሸት

ልጄ የነርስ ትምህርቷን አቋርጣ ውሻ ማጠብና ማበጠር ሥራ የገባች ጊዜ የተጣላነውን ጠብ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶች ሁሉ ሰምተውታል። ድምፄ ትልቅ ነው፤ አልክድም። «ሰው ታክሚያለሽ ብዬ ሳስተምርሽ ውሻ ታበጥሪያለሽ?» አልኳት። እሷ የመለሰችልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ስትናደድ እንግሊዝኛዋ ስለሚፈጥን ግማሹ አመለጠኝ፤ የደረሰኝ ግማሽ ግን ከበቂ በላይ ነበር። በወሩ ዕቃዋን ጭና ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደች። አሌክሳንድሪያ ወንዝ ማዶ እንጂ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ድምፅዋን የምሰማው በቴክስት ሆነ።

ቴክስቱም ስለ ውሻ ነው። የተከራየችው አፓርትመንት ከአንድ ውሻ በላይ አይፈቅድም ተባለና ካሏት ሁለት ውሾች ወጣቱን ወንዱን ይዛ እናቱን እኔ ቤዝመንት ጥላት ሄደች። ሳሞይድ የሚባል ዘር ናቸው፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ፣ ጠጉራቸው የትየለሌ። «ለትንሽ ጊዜ ነው» አለችኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። ያደግኩበት ቤት ውሻ ከአጥር በር አያልፍም ነበር። ቤዝመንት ትቆያለች የተባለችው ውሻ በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃው ላይ ተኛች፣ በሁለተኛው ወጥ ቤት ገባች፣ ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ሶፋዬ ላይ ሆና በመስኮት የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች። ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ነጠላ ጠጉሯ እንዳይነካው መኝታ ቤት ቆልፌ አስቀምጣለሁ። ቅዳሴ ልሄድ ስል ገላዬን እንደገና እታጠባለሁ። እንዲህም ሆኖ ሆዷን ካላከኩላት አትተኛም፤ ማን እንዳስለመዳት እንጃ።

በክረምቱ መጨረሻ ልጄ ቴክስት ትታ ኮል አደረገችኝ። መጥፎ ወሬ መስሎኝ ስልኩን ቶሎ አነሳሁ።

«ማሚ፣ የውሻ ቁንጅና ሾው ላይ ለእናት ውሾች የሚደረግ ክላስ አለ» አለች። «ነጥብ የለውም፣ ቻምፒዮን አያስብልም። ጀስት ለክብር ነው። እናቲቱና ሁለት ልጆቿ አብረው ይገባሉ። እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ሰው ነው የሚይዘው። ሦስተኛ ሰው ያስፈልገኛል።»

«ፈረንጆቹ ጓደኞችሽ የት ሄዱ?»

«ሌላ ሰው ሲይዛት ትቀመጣለች። ላንቺ ብቻ ነው የምትቆመው። ፕሊስ።»

እኔ ዳኛ ፊት የቆምኩት ትራፊክ ቲኬት ሲደርሰኝ ብቻ ነው ልላት ነበር። ግን «ፕሊስ» ያለችበት ድምፅ ልጅ ሆና ሲያተኩሳት የነበረውን ድምፅ መሰለኝና እሺ አልኳት። ቀስ ብላ ነገሩን አስረዳችኝ። ጀርመንታውን የምትኖር አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ነጭ ዘር ስታራባ የኖረች። እኔ ዘንድ ያለችው እናቲቱ ውሻ ከእሷ ቤት የወጣች ናት፤ የወንዱ እህት ደግሞ አሁንም እሷ ዘንድ ናት። ሴትዮዋ ጉልበቷ ስለከዳት ልታቆም ነው። ዘሩን፣ የውሻ ማራቢያዋን ስም፣ የቀሩትን ውሾች ለማን እንደምታስረክብ ገና አልወሰነችም፤ ልጄ ግን ከታሰቡት አንዷ ናት። «ከዚህ ሾው በኋላ እነግራችኋለሁ ብላለች» አለችኝ። «ማሚ፣ ይሄ ላይፌ ነው። ዘር የምታስረክበው ለምታምነው ሰው ብቻ ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ ቀናሁ። ልጄ ስለዚያች ሴትዮ ስታወራ ስለ እኔ አውርታ የማታውቀውን ታወራለች። «እሷ እንዲህ አለችኝ፣ እሷ እንዲህ አስተማረችኝ።» ዕድሜዋ ለአንቱታ የደረሰ ነው፤ እኔ ግን በልቤ አንቺ እላት ነበር። ቢሆንም ልጄ በሕይወቷ የጓጓችለት ነገር በእኔ እጅ እንዳይበላሽ ፈራሁ። ከሥራ ስመለስ ውሻዋን ከቤታችን ጀርባ ወዳለው መኪና ማቆሚያ እየወሰድኩ መቆም ተለማመድን። እኔ ገመዱን ቀና አድርጌ እይዛለሁ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከመኪናቸው የሚወርዱ አበሾች ቆም ብለው ያዩናል። «ምነው፣ ጡረታ ወጣሽ እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

ልጄ ደንቡን በስልክ ላከችልኝ። እንግሊዝኛውን በመነጽሬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዳኛ ጋር ካልተጠየቁ አይወራም። እናቲቱ ያረጀች ብትሆን፣ ማህፀኗ የወጣ ቢሆንም መግባት ትችላለች። ዳኛው እናቲቱን ሳይሆን ልጆቿን ነው የሚመዝነው፤ ምን ያህል ጥሩ እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ። እዚህ ላይ ሳቅኩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ብለን ላደግን ሰዎች ይሄ አስቸጋሪ ፈተና ነው። ከዚያ ደግሞ ጠጉር ላይ ቀለምም ሆነ የውሻውን መልክ የሚለውጥ ነገር መቀባት ክልክል ነው ይላል። ይሄንን ለሚያሳምሩት ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ ማሳመር አላሰብኩም።

ያሰብኩት ሌላ ነው። የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም። ይሄንን አሜሪካ ስለገባሁ የምተወው ነገር አይደለም፤ ዓይን ፓስፖርት አይጠይቅም። እኛ ዘንድ ልጅ ሲያምርና ሰው ሲበዛበት ግንባሩ ላይ ጥላሸት ይቀባል፤ ያየው ዓይን መጀመሪያ ጥቁሯ ላይ እንዲያርፍ። ስለዚህ የሾው ለት ጠዋት ጓሮ ካለው የባርቤኪው ግሪል ላይ ጥላሸት ፍቄ በፎይል ጠቀለልኩና ኪሴ ከተትኩ። ካላስፈለገ አልነካውም ብዬ ነው።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ከብት የሚታይበት የገበሬዎች ኤግዚቢሽን ይመስላል። ጫጫታው ራስ ያሳምማል። ፀጉር ማድረቂያው ይጮኻል፣ ውሾቹ ግን አይጮኹም፤ ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይበጠራሉ። ልጄ ወንዱን ጠረጴዛ ላይ ያቆመችው ጊዜ መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ውሻው ያምራል፤ ያምራል ልለው የማልፈልገው እኔ እንኳ አልክድም። «ጎርጀስ» ይላል አንዱ፤ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም» ትላለች አንዷ። አንድም ሰው እግዜር ይጠብቀው የሚል የለም። ፎቶ ያነሳሉ። ከውሻው ዓይናቸውን ያነሱና ልጄን ያያሉ፤ ቁመቷን፣ የለበሰችውን፣ ፈገግታዋን። «የምታስቀኚ ነሽ» አላት አንድ ሰውዬ እየሳቀ። የሳቀው ሳቅ አልጣመኝም።

ልጄ ክንዷ ላይ የምታስረውን ቁጥር ልታመጣ ስትሄድ ውሻውን ለእኔ ተወችልኝ። ግራ ቀኙን አየሁ። ፎይሉን ከፈትኩና በሌባ ጣቴ ጥላሸቱን ነክቼ ከጆሮው ጀርባ፣ ከወፍራሙ ጠጉር ሥር፣ ቆዳው ላይ አሸሁት። ጠጉሩን መለስኩበት። ምንም አይታይም። ልቤ አረፈ።

ልጄ ቁጥሩን አስራ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ጎንበስ ብላ የውሻውን አፍንጫ ታይ ጀመር።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«በብርድ አፍንጫው ፌድ አድርጓል። ጥቁር መሆን ነበረበት» አለች በሹክሹክታ። «ሰዎች አሉ አፍንጫ በጥቁር የሚቀቡ። ባለፈው አንዷን በውድድሩ መሃል ከሪንግ አስወጧት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያምናትም። እኔም እቀባለሁ ብለው እየጠበቁኝ ነው። እዚህ ነጭ ጠጉር ላይ ቅንጣት ጥቁር ቢገኝ አለቀልኝ ማሚ፤ ሴትዮዋ አታናግረኝም።»

አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት የውድድሩ አስተናጋጅ ቁጥራችንን ጠራ።

«ስሚ፣ አንድ ነገር...» አልኩ።

«አሁን አታውሪ። ጀስት ያዣት።» ገመዱን እጄ ላይ አድርጋ ገፋ አደረገችኝ።

ገባን። በደንቡ እናቲቱ ከፊት ናት፤ እኔ ከፊት፣ ቀጥላ ከጀርመንታውን የመጣችው ሴትዮ እህቲቱን ይዛ፣ ከኋላ ልጄ ወንዱን ይዛ። ዙሩ ተባለ። አሮጊቷ ውሻዬ አንድም ጊዜ አላሳፈረችኝም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ ሙሽራ ሚዜ ተራመደች። እኔ ነኝ እግሬ የተሳሰረብኝ። ስዞር ወንዱን አያለሁ፤ ጆሮው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጥቁሩ የወጣ ይመስለኛል። ሄጄ በቀሚሴ ልጥረገው? ሰው ሁሉ ያያል። ልናገር? ከዳኛ ጋር አይወራም። ዝም ልበል? እመቤቴን ለመንኳት፤ ደግሞ ስለ ውሻ መለመኔ አሳፈረኝ፤ ደግሞ ስለ ውሻ አይደለም አልኩ።

ዳኛዋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀጭን ሴት ናት። እናቲቱን አንገቷን ነካ ነካ አድርጋ ፈገግ አለችልኝና አለፈች። እህቲቱ ላይ ቆየች፤ ጥርሷን አየች፣ ጀርባዋን በእጇ ለካች፣ እግሯን አነሳች። ሥራዋ ላይ የማትቸኩል ሴት ናት። እኔ የማየው ጣቶቿን ብቻ ነበር። ከዚያ ወንዱ ጋ ደረሰች። ጥርስ። ዓይን። ሁለት እጇን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አድርጋ ጆሮዎቹን ወደኋላ አስተኛች፣ ጣቶቿም ከጆሮው ሥር ገቡ።

እጇን ስታወጣ አውራ ጣቷን አየችው። ከዚያ ከኪሷ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ጠረገችው፤ ጨርቁ ጠቆረ። ጎንበስ ብላ የውሻውን አፍንጫ በጨርቁ ንጹሕ ጫፍ አሸችው፤ አየችው፤ እንደገና አሸችው። አፍንጫው ምንም አልለቀቀም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች፤ ጨርቁን ዘርግታ።

ያኔ ነው እኔ «እመቤቴ» ብዬ እጄን አፌ ላይ ያደረግኩት። ድምፄ ትልቅ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ዳኛዋ ዞረች፣ አስተናጋጁ ዞረ፣ በሪንጉ ገመድ ዙሪያ የቆመው ሁሉ ዞረ። ጣቴ እስከ አንጓው ጥቁር እንደሆነ ያወቅኩት ሲያዩኝ ነው። ቀሚሴ ውስጥ ልደብቀው ሞከርኩ። አንዷ ለጎረቤቷ አንድ ነገር ስትል አየሁ፤ ሁለቱም ከእግሬ እስከ ራሴ ለኩኝ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ በእንግሊዝኛ። ጥርት ባለ ድምፅ። «የኔ ስህተት ነው። ሳዘጋጀው እጄ ላይ የነበረ ነገር ነው። እሷ ምንም አታውቅም።»

«ውሸት...» ልል ስነሳ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ዝም በይ» አለች። «እባክሽ ዝም በይ።» በአማርኛ ብቻ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በአማርኛ ስናገራት እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልስልኝ ልጅ፣ እማዬ ብላኝ የማታውቅ ልጅ።

የቆምኩበት መሬት ጠበበኝ። ዝም ብል ልጄ አጭበርባሪ ናት። ብናገር አጭበርባሪም ባትሆን ዳኛ ፊት ዋሽታለች። ሴትዮዋ እህቲቱን እንደያዘች ልጄን ታያለች፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። አንድ ልቤ ልጅሽ ዝም በይ ብላሻለች አለኝ። እኔ ግን ልጄ ሌባ ስትባል ቆሜ የምመለከት ሰው አይደለሁም።

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አልኩ። እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ ወጣ፤ ይውጣ። «እሷ አታውቅም። እሷ በማታየኝ ጊዜ ነው የሠራሁት። ሰው በጣም ስለሚያየው ነው። ብዙ ዓይን ጥሩ አይደለም። ላሳምረው አይደለም፤ እንዲያስጠላ ነው።» ጣቴን አውጥቼ አሳየኋት። ፎይሉንም አወጣሁ።

አንዳንዱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። ፎይሉን አየች፣ ልጄን አየች። «ይሄ ክላስ የሚነጠቅ ነጥብ የለውም» አለች በመጨረሻ። «ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ጠጉር ላይ ምንም አይቀባም። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ውጡ።» በጨዋ ደንብ ነው ያስወጣችን። እናቲቱ ገመዷን ስስብ አልሄድም አለች፤ የለመደችው የሽልማት ሪባን እስኪሰጥ መቆም ነው መሰለኝ። ጎትቼ አወጣኋት።

ከሪንጉ ውጭ ሴትዮዋ እህቲቱን ሳጥኗ ውስጥ አስገባችና ወደ እኛ መጣች። እኔን ነው የምትሰድበው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልስም አላጣሁም ነበር። እኔን ግን ጥላሸቱ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «የኔ አያት ቀይ ክር ታስር ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

«ጥላሸቱን እረሳዋለሁ» አለቻት። «ሰው ነው፤ ይሳሳታል። አንቺ ግን ዳኛ ፊት ቆመሽ፣ ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ዋሸሽ። ያንን ማሰብ አለብኝ።»

ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ስለ እናቴ ብዬ ነው አላለችም። እኔ ልልላት ስሞክር ክንዴን ያዘችኝ።

ሴትዮዋ አሰበች፤ በወሩ ዘሩን አስፐን ሂል ለሚኖር ለሌላ ሰው አስረከበች። ደግ ሴት ናት፤ ለልጄ ራሷ ደውላ ነገረቻት። አሁን አንቱ ብላቸው ደስ ይለኛል፤ የሾው ለት ግን መኪናቸውን ሲያስነሱ እግዜር ይይልሽ ብያለሁ።

ያን ቀን የልጄ መኪና ውስጥ ገባን። ሁለቱ ውሾች ከኋላ ተኝተዋል፤ ለእነሱ ምንም አልተፈጠረም። ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። እሷ መንገዱን ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ነርሲንጉን የተወች ጊዜ እንደጮኸችው ብትጮህ መልስ አለኝ። ስላልጮኸች እኔው ጀመርኩ።

«ለምንድን ነው የዋሸሽው?» አልኳት። «እኔን ቢያባርሩኝ ምን ይቀርብኛል? እዚያ ቤት ስም የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። አሮጊት ነች፣ አታውቅም ብለው ያልፉኝ ነበር። አንቺ ነሽ የሚቀርብሽ። የምትወጂውን ነገር በገዛ አፍሽ ጣልሽው። ማን አደራ አለሽ?»

ከፊታችን ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ እሷም ያዘች። ድሮ ልጅ ሳለች እኔ ስነዳ አደርግ እንደነበረው ቀኝ እጇን ዘርግታ ደረቴን ደገፈች፤ ማድረጓንም ያወቀች አይመስለኝም። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ።

«ሁሉም አንቺን ነበር የሚያየው» አለች። «እንደዚያ ሲያዩሽ አልወደድኩም።»